ክርስትና የተነሣው ልብ ወለድ

እኛ ቤት በቅርቡ አንድ መጽሐፍ ክርስትና ተነሥቷል። ሳቁ፤ አልቀየምም። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር፤ በኋላ ግን ክርስትና እናቱ “ለልጄ ነጭ ነጠላ ይታጠብላት” ሲሉ ሳቄን ትቼ ነጠላ ፍለጋ ገባሁ።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ልጄ ፍሬሕይወት ስምንተኛ ክፍል ናት። የሰው ልጅ ስልክ ላይ ተደፍቶ ሲውል የእኔዋ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ከማን ወረሰችው እንዳትሉኝ፤ ከእኔ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው። ስኳር ደግሞ የጠቀለለችው ወረቀት ወሬዋን ትጨርስ አትጨርስ ግድ የለውም። አንድ ሰውዬ በአንዲት የስኳር ወረቀት ላይ ዳኛ ፊት እንደቆመ ቀርቶብኛል። ይፍቱት ይሰሩት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንዳንዴ ወጥ ሳማስል ትዝ ይለኝና አዝንለታለሁ። ለዚህ ነው ልጄ ከነሽፋኑ፣ ከነመጨረሻው ያለ መጽሐፍ ይዛ ስትገባ የሠርግ ጥሪ የደረሰኝ ያህል ደስ የሚለኝ።

ይህን መጽሐፍ ያዋሰቻት ቲቸር ሜሮን ናት። ከደቡብ ተመድባ ደብረ ማርቆስ የመጣች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ቤቷ ውስጥ አንድ ግድግዳ የሞላ መደርደሪያ አላት። በዚህ ከተማ ልጄ እንደ ልቧ እንድትጎረጉረው የተፈቀደላት መደርደሪያ እሱ ብቻ ነው። “ሰኞ በደህና መልሺልኝና ሁለተኛውን ቅጽ ትወስጃለሽ” ብላታለች። በደህና! ቃሏን ልብ በሉልኝ።

መጽሐፉ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው። ታሪኩም ይህን ያህል የሚያስደነብር አይደለም። አንዲት ጠንቋይ የአንዲትን ልጅ ወንድም አውራ ዶሮ ታደርግና ስሙን ከሰው ሁሉ ጭንቅላት ትሰርቃለች። እናቱ እንኳ ማን ብላ እንደምትጠራው ይጠፋታል። እህቱ እውነተኛ ስሙን አግኝታ ከጠራችው ሰው ይሆናል፤ ካላገኘችው ሲጮህ ይኖራል። እና ምስኪኗ አገር ላገር እየዞረች ያገኘችውን አውራ ዶሮ ሁሉ “አንተ እገሌ፣ አንተ እገሌ” ስትል ትኖራለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ እኔ ጥልፌን ስጠልፍ ፍሬ ታነብልኛለች። መሀል ላይ ጥቂት ገጾች በእጅ ተቦጭቀው ወጥተዋል፤ ያንን ከራሳችን ሞልተን አለፍነው።

በዚህ መሀል የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ አንጓች፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከአገራቸው ከቁይ መጡ። ብብታቸው ስር ስጦታ ይዘዋል፤ ደረቱን የነፋ ቀይ አውራ ዶሮ። አንገታቸው ላይ ደግሞ በቆዳ የተሰፉ ሦስት ክታቦች አሉ። አንዱ ለቡዳ ነው፣ አንዱ ለዓይነ ጥላ፣ ሦስተኛው ለምን እንደተጻፈ ጻፊውም እሳቸውም ረስተውታል። “ይሄኛው ለምንድን ነው እትዬ?” ብዬ ብጠይቃቸው፣

“ለሚመጣው ነው” አሉኝ።

ዶሮውን አጥር ላይ አሰርነው። በማግስቱ እትዬ አንጓች ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ፍሬ ደግሞ መጽሐፏን ይዛ ዶሮው ፊት ቁጢጥ አለች። ልጅ ናት፤ ዶሮ አለ፤ መጽሐፉ የዶሮ ነው። እናንተ ብትሆኑ አትሞክሩም?

“ስምህ ካሳ ነው?” አለችው። ዶሮው ዝም።

“አበጀ? ይርጋ? ታደሰ?” ዝም። አንድ እግሩን አነሣና አከከ።

“ሙሉነህ?”

ዶሮው አንገቱን አሰገገና ሰፈር የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጋሽ ሙሉነህ የእትዬ አንጓች ባል ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ ቆይተዋል። እትዬ አንጓች ከበርጩማው ላይ እንዴት እንደተነሡ አላየሁም፤ ሳያቸው ቆመው ነበር።

“አንች ልጅ! ማን አልሽው?”

“ሙሉነህ አልኩት፣ አክስቴ።”

“እሱስ?”

“አቤት አለ።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ከዶሮው ጩኸት ጋር አታወዳድሩት። ዶሮው አፈረ።

ባሌ ስንታየሁ ለምሳ ሲመጣ ጉባኤ ተቀመጠ። ባሌ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ዲግሪ አለው። ዲግሪው ግን ስልኩ ላይ የሚለቀቅለትን ቪዲዮ ከማመን አላዳነውም። የሰይጣን ስውር ምልክት የሌለበት ዕቃ የለም የሚሉ ሰዎች አሉ አይደል? እነሱ ቪዲዮ የሚለቁት እሱ ሊያይላቸው ነው። አንድ ጊዜ የልብስ ሳሙናዬ መጠቅለያ ላይ ምልክት አገኘሁ ብሎ፣ አንሶላውን በአረፋ እንደዘፈዘፍኩት፣ ሳሙናዬን ይዞብኝ ወጥቶ ጥሎታል። ምልክቱ የፋብሪካው ጨረቃ ነበር።

መጽሐፉን ተቀበለና ከመሀል ገለጠ።

“ይኸው! አስማት ይላል! እዚህም ‘አስማት’! ኧረ እዚህም!”

“ቃል ነው እኮ፣ ስንታየሁ” አልኩት።

“በቃል ነው የሚገባው!”

“ታች ወረድ ብትል ‘እባብ’ የሚልም አለ። ነከሰህ?”

“አንቺ በሁሉም ነገር ላይ ትቀልጃለሽ። በልጅ ጭንቅላት አይቀለድም። የውሸት መጽሐፍ ነው፤ ቅዳሜ ይቃጠላል። ከእንግዲህ ከመማሪያ መጽሐፍ በስተቀር እዚህ ቤት አይገባም።”

ፍሬ አላለቀሰችም። ቢያለቅስ የሚሻል ልጅ አለ፤ የእኔዋ እንደዚያ ናት። “የሰው ንብረት ነው፣ አባዬ። ሰኞ እመልሳለሁ ብዬአለሁ” ብቻ አለችው። እኔ የታየኝ የቲቸር ሜሮን መደርደሪያ ነው፤ ልጄ ከሩቅ እያየችው በመንገድ ዳር ስታልፍ። ደግሞ አልዋሻችሁም፣ ያ ዶሮ የሆነው ወንድሟ ስሙ ሳይታወቅ ሊቃጠልብኝ ነው። እዚያ ዳኛ ፊት ከቆመው ሰውዬዬ ጎን አንድ ዶሮ ሊጨመርብኝ ነው!

“እሺ” አልኩ፤ “ዶሮውስ? ለነገ ላርደው አስቤ ነበር።”



“ምን አጣደፈሽ?” አሉ እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ወደ አጥሩ ጣል አድርገው።

“ሁሉም ውሸት ነው አላላችሁም እንዴ?”

“ውሸት ነዋ!” አለ ባሌ።

“እንግዲያው ቢላዋው ያውልህ።”

ባሌ ቢላዋውን አየ፤ ዶሮውን አየ፤ እህቱን አየ። “ወገቤን ሰሞኑን ያመኛል” አለ።

“እኔ እኮ አምኜ አይደለም” አሉ እትዬ አንጓች። “ሙት በዶሮ እንደማይመጣ እኔም አውቃለሁ። ግን እንዳይታረድ።”

እንግዲህ ፍረዱኝ። ልጄ “ልብ ወለድ ነው፣ ሰው የፈጠረው ተረት ነው” ብላ አንብባው ዶሮ ወጥ ለመብላት ዝግጁ ናት። “የውሸት መጽሐፍ ነው፣ ይቃጠል” የሚሉት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግን ከአንድ ቀይ ዶሮ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸዋል። እትዬ አንጓች ይባስ ብለው ያን ቀን ምስር ሲለቅሙለት ዋሉ። ሲለቅሙለት ብቻ አይደለም፤ ሲያጉረመርሙበትም ሰማኋቸው። “ያችን መሬት ለወንድምህ አትስጥ ብዬህ ነበር። እሽ ብለህ ነበር። አየህ አሁን?” ዶሮው ምስሩን እየለቀመ አየ።

ቅዳሜ ደረሰ። ባሌ ግቢ ውስጥ የከሰል ምድጃ አቀጣጠለ። ፍሬ በር ላይ ቆማ እጆቿን አጣምራለች። እትዬ አንጓች መጽሐፉን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደሚያዝ ይዘውት መጡና ምድጃው ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

“ቆይ! እንደዚሁ ከነነገሩ ቢገባ፣ ሙቀቱ ሲነካው ውስጡ ያለው አይወጣም?”

“ምኑ?”

“ምኑ ይለኛል እንዴ! ያለው ነዋ። ዘሎ በልጅቷ ቢገባስ? መጀመሪያ ጠበል ይነካው፤ ይለቅ፤ ከዚያ ይቃጠላል።”

ለዓይናቸው ያመጡት ጠበል በቢጫ ጀሪካን አልጋቸው ስር ነበር። እኔም ጠበል እጠጣለሁ፣ እጠመቃለሁ፤ በጠበል የምስቅ ሴት እንዳልመስላችሁ። እኔ የምስቀው በአያያዛቸው ነው። “በስመ አብ” ብለው በእፍኝ ረጭ ያደረጉት መስሏቸው ክዳኑ ተፈናጥሮ ጀሪካኑ እየተንዶቀዶቀ ወረደ። መጽሐፉ ራሰ፤ ቀሚሳቸው ራሰ፤ ምድጃው ጭስ አለና ጠፋ። ባሌ በጭሱ መሀል ሲያስል፣ ከመጽሐፉ ውስጥ የወጣው ነገር በእሱ የገባ መስሏቸው ፊቱ ላይም የቀረውን አፈሰሱበት።

ቀን አፍ ላይ የሚጥለው ነገር አለ። እኔ ያኔ አፌን ከፈትኩ፤ ያወጣሁትን ሰምቼ ራሴም ደነገጥኩ።

“እትዬ! እንግዲህ ይሄ መጽሐፍ መቃጠሉ ቀረ።”

“ለምን ይቀራል?”

“ክርስትና ተነሣ እኮ!”

“ምን?”

“ጠበሉ ከላይ እስከ ታች ነካው፤ በስመ አብ ብለውበታል፤ እጅዎ ላይ አቅፈውት ነበር። ክርስትና እናቱ እርስዎ ነዎት። ክርስትና እናት ደግሞ ክርስትና ልጇን እሳት ትከታለች እንዴ? ቁይ ቢሰማ ምን ይባላል?”

ባሌ ፊቱን እየጠረገ “ምን ዓይነት ጅል ነገር...” ብሎ ጀመረ። እትዬ አንጓች ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። አሁን መጽሐፉን በሁለት ጣት አልነበረም የያዙት። ሳያውቁት ክንዳቸው ላይ አስተኝተውታል።

“ወይ ጉዴ” አሉ ቀስ ብለው። “ወንድ ነው ሴት?”

“እንዴት?”

“አርባ ቀን ነው ሰማንያ ቀን? ቀኑ ሳይደርስ አጥምቄው ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው እኮ።”

ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት ልጅ ስለሆነች ሴት ናት አልን። መጽሐፉ ከታተመ ዓመታት ስላለፉት ሰማንያው እንደሞላ ተስማማን። ስሟን ወለተ ቃል አሏት። ነጭ ነጠላ ይታጠብላት የተባለው እዚህ ላይ ነው።

የራሰ መጽሐፍ አድርቃችሁ ታውቃላችሁ? ገጽ በገጽ እየለያያችሁ ካላናፈሳችሁት ተጣብቆ ጡብ ይሆናል። ፍሬ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አንድ ገጽ ትገልጣለች፤ እፍ ትላለች፤ ሌላ ትገልጣለች። እትዬ አንጓች ጎኗ ሆነው ይጠብቃሉ።

“ዝም ብለሽ ትገልጫለሽ? አንብቢው እንጂ” አሏት።

“እርም አይደለም እንዴ፣ አክስቴ?”

“ክርስትና እናት ልጇን መምከር አለባት። በውስጧ ምን እንዳለ ሳላውቅ በምን ልምከራት? አንብቢ!”

ፍሬም አነበበች። ደረቅ ገጽ ላይ ስትደርስ ትፈጥናለች፤ የራሰው ላይ ታዘግማለች፤ እትዬ አንጓች በዚህ ይናደዳሉ። የተቦጨቁት ገጾች ጋ ስንደርስ ልጄ ዓይኗን ሳታርገበግብ እኔና እሷ የሞላነውን ነገረቻቸው። ጠንቋይዋን ሲሰድቧት እንዳመሹ ብነግራችሁ አታምኑኝም። “የሰው ስም የምትሰርቅ! እናት ልጇን በምን ትጥራው? እናትነት የላትም እንዴ ይች የተረገመች?” ይላሉ። ባሌ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር “እትዬ፣ ኃጢአት እኮ ነው” ሲላቸው፣

“አምኜ መሰለህ? እየመከርኳት ነው” ይሉታል።

ባሌ በዚህ አላበቃም፤ እሑድ የንስሐ አባታችንን ይዞ መጣ። አባታችን ቁጡ ሰው ናቸው፤ ተቀምጠው አይመክሩም፣ ቆመው ይገሥጻሉ። ነገሩን ከሁላችንም በአንድ ላይ ሰሙና ግንባራቸውን ያዙ።

“መጽሐፍ ክርስትና አይነሣም” አሉ።

“አላልኩም!” አለ ባሌ። “እንግዲያው ላቃጥለዋ፣ አባ?”

“አቃጥለው። ጠበል የፈሰሰበትን ነገር እሳት ውስጥ መክተት እኔ አልደፍረውም። አንተ ደፋር ከሆንክ ይኸው ክብሪት።”

ባሌ አሁንም ወገቡን አመመው።

“ግን አባ፣ አስማት ነው የሚለው! በየገጹ አስማት!”

“አስማት ማለት በግእዝ ስሞች ማለት ነው። አንድ ሲሆን ስም፣ ሲበዛ አስማት። የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ መጽሐፍ ምን ይላል?”

“ልጅቷ የወንድሟን ስም ትፈልጋለች፣ አባ” አለች ፍሬ። “ስሙን ስታገኘው ነው ሰው የሚሆነው።”

አባታችን ፍሬን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ እትዬ አንጓች አንገት ዞሩ።

“በክፉ አስማት መጫወት ኃጢአት ነው፤ እሱን አልክድም። ግን አንቺ ሴትዮ፣ ይህ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

“ክታብ ነው፣ አባቴ።”

“ምን ይላል?”

“ተሰፍቷል እኮ፣ አባቴ። አይገለጥም።”

“ማን እንደጻፈው ሳታውቂ፣ ምን እንደሚል ሳታነቢ፣ አንገትሽ ላይ አስረሽ ስትዞሪ አልፈራሽም። ሕፃን ልጅ አፏን ከፍታ ጮክ ብላ የምታነበውን ፈራሽ። ወይ አገር!” አሉና መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ “ዶሮውንም ብሉት!” ብለው ጮኹ።

አልበላነውም። ሁሉ ነገር እሺ ተባለ፣ እሱ ግን አልተባለም። ሦስተኛው ክታብ ያን ማታ ከአንገታቸው ላይ አልነበረም፤ ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። ሲነጋ ደግሞ የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ደረቀ። ልጅቷም ስሙን አላገኘችም። ታሪኩ የሚያልቀው በሁለተኛው ቅጽ ነው።

“አለቀ?” አሉ እትዬ አንጓች። “ዶሮ እንደሆነ ጥለውት ሄዱ? እኔን በታመመ ዓይኔ እያስለቀሱ?”

“ሁለተኛው ቲቸር ሜሮን ጋ አለ” አለች ፍሬ፤ አባቷን በጎን አየት አድርጋ። “ካልተከለከልኩ።”

እትዬ አንጓች ወደ ወንድማቸው ዞሩ። ታላቅ እህት ዝም ብላ ስታይህ ምን ማለት እንደሆነ ያላት ያውቀዋል። ባሌ ስልኩን አወጣና ቪዲዮ ማየት ጀመረ።

በዚያው ሰኞ ከፍሬ ጋር አብሬ ሄድኩ፤ “በደህና” የተባለው መጽሐፍ እጥፍ ወፍሮ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷልና ልጄን ብቻዋን ልልካት አልቻልኩም። ቲቸር ሜሮን ተቀበለችው፣ አገላበጠችው።

“ምን አብልታችሁት ነው እንዲህ የወፈረው?”

ሁሉንም ነገርኳት። ስትስቅ ወንበር ያዘች። ከዚያ የተቦጨቁትን ገጾች አሳየችኝ። “እነዚህን ደግሞ የባሌ እናት ናቸው የቀደዷቸው” አለች። “ለእንግድነት መጥተው ጠንቋይዋ የምታወራበት ቦታ ላይ ከፈቱት። ቀድደው፣ በኢየሱስ ስም ገሥጸው፣ ሽንት ቤት ከተቱት። እናንተማ ጥሩ ናችሁ፤ አጠባችሁት ብቻ።”

ተመልከቱ እንግዲህ። ሁለት የክርስቲያን ቤት፤ አንዱ ይቦጭቃል፣ አንዱ ይዘፈዝፋል። እስከ መጨረሻው አንብቦ “ይህ ነገር ለልጄ አይሆንም” ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ያ ቢሆን እኔም ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር።

ሁለተኛውን ቅጽ ይዘን ተመለስን። እትዬ አንጓች ያን ዕለት ሕክምናቸው አልቆ ዶሮውን ይዘው ቁይ ገብተው ነበር። የሁለተኛው ቅጽ ወሬ ግን ደረሳቸውና ደወሉልኝ።

“እንዳታስጀምሪያት!” አሉኝ። “ሳልመጣ አንድ ገጽ እንዳትገልጡ! ክርስትና ያልተነሣ መጽሐፍ እንዳታነቡ!”

በሳምንቱ በር ተንኳኳ። ብከፍት እትዬ አንጓች ናቸው፤ አንድ እጃቸው ላይ ቢጫው ጀሪካን፣ ብብታቸው ስር ያ ቀይ ዶሮ። ምስር በልቶ በልቶ ወፍሯል።

“ጀሪካኑስ ይሁን። ዶሮውን ደግሞ ምን ያደርግልናል ብለው ነው፣ እትዬ?”

ግቢ ገቡና በርጩማቸውን ሳቡ፤ ዶሮውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ላባውን ዳበስ አደረጉት፤ ለፍሬም “በይ፣ እሱም እንዲሰማ ጮክ አድርገሽ” አሏት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣

“አምኜ እንዳይመስልሽ!” አሉኝ።